አላየሁም ማለት ያድናልን?

የሚያውቀውን ጉድለት ሸሽጎ ዕቃ የሚሸጥ ሰው በደለኛ መሆኑን የሚክድ የለም። በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም፣ በሸንጎም በገበያም የተፈረደበት ነገር ነው። ነገር ግን ከዚህ ቀጥሎ አንድ ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይታለፋል። ጉድለቱን ያላወቀው፣ ሊያውቀው ሲችል ግን ሳይመለከት ያለፈው ሰውስ እንዴት ነው? «አላየሁም» ብሎ ቢምል መሐላው እውነት ነው፤ በእርግጥም አላየም። ታዲያ ይህ እውነት ያድነዋልን? በዚህች ጽሑፍ ይህንኑ ለመመርመር አስቤአለሁ። ነገሩ በቃል ብቻ እንዳይቀር ግን በእጅ የሚዳሰስ አንድ ዕቃ ይዤ እነሣለሁ። ዕቃውም አሮጌ የመኪና ቸርኬ ነው።

ቸርኬ የምንለው ጎማው የሚለብስበት፣ ከመኪናው ጋር በዳዶ የሚታሰረው ክብ ብረት ነው። እንደ ዳዶና እንደ ቡሎን፣ እንደ ጎሚስታም ሁሉ ስሙ ከጣሊያኖች የተወረሰ ነው። አንዳንዱ ቸርኬ ከመኪናው ጋር አብሮ ከፋብሪካ የወጣ ነው፤ አንዳንዱ ግን ሌላ ፋብሪካ ለጌጥ ወይም ለርካሽነት የሠራው፣ ከአሉሚኒየም የፈሰሰ፣ ብዙ ክንድ ያለው፣ ዓይን የሚስብ ነው። ይህ ሁለተኛው ዓይነት ከመኪና ወደ መኪና ሲተላለፍ የት እንደ ነበረ፣ ከምን ጋር እንደ ተጋጨ፣ ማን በመዶሻ እንዳቃናው የሚናገር ወረቀት የለውም። በአዲስ አበባ በመርካቶ ወገን ያለው ሶማሌ ተራ በአሮጌ መለዋወጫ የታወቀ ሠፈር ነው፤ በደሴና በኮምቦልቻም ቢሆን አሮጌ ቸርኬ በየሱቁ ደጃፍ ተደርድሮ ይታያል።

እነዚህን ሁለት ከተሞች የመረጥሁት በከንቱ አይደለም። ኮምቦልቻ ላይ ሁለት ትልልቅ መንገዶች ይገናኛሉ፤ አንዱ ከአዲስ አበባ መጥቶ ወደ ደሴና ወደ ሰሜን የሚወጣው ነው፤ ሌላው ከጅቡቲ ወገን በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጣው ነው። ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሆኖም በዚህ አጭር መንገድ መኪናው 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። በሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ አንዱ ወገን ተራራ፣ ሌላው ወገን ገደል ነው። ቍልቍለት ሲሆን ፍሬኑ ይግላል፤ ሙቀቱም ወደ ቸርኬው ይተላለፋል። በየመታጠፊያው ደግሞ የመኪናውና የተሳፋሪው ክብደት በውጭ በኩል ባሉት ጎማዎች ላይ ይወድቃል። ሜዳ ላይ ተደብቆ የሚኖር ጉድለት ሐረጎ ላይ ይገለጣል።

ሕዝባችን ዕቃን መርምሮ መግዛት የማያውቅ ሕዝብ አይደለም። የወሎ ገበሬ በሬ ሲገዛ ጥርሱን ያያል፤ ሻኛውን ይዳብሳል፤ አስኪዶ እግሩን ይመለከታል። ሰኞ በባቲ ገበያ ግመል የሚገዛውም ሰው ሳያስነሣትና ሳያስተኛት፣ እግሯን ሳይመለከት ገንዘቡን አይፈታም። እናቶቻችን እንስራ ሲገዙ በጣታቸው አንኳኵተው ያዳምጣሉ፤ የተሰነጠቀ ሸክላ ድምፁ ይታፈናልና። እንግዲህ ያው ሰው ቸርኬ ሲገዛ ብልጭታውን ብቻ አይቶ የሚከፍለው ስለ ምን ይሆን? በሬው ሰነፍ ቢሆን እርሻ ይጓደላል፤ እንስራው ቢሰነጠቅ ውሃ ይፈስሳል፤ ቸርኬው ቢሰበር ግን የሚፈስሰው ደም ነው።

ብረት ይደክማል። ይህን የምለው ለምሳሌ አይደለም፤ መሐንዲሶች ራሳቸው «የብረት ድካም» ብለው ይጠሩታል። መንኰራኵር በዞረ ቍጥር እያንዳንዱ ክፍሉ አንድ ጊዜ ይጫናል፣ አንድ ጊዜ ይለቀቃል። ዙሪያው 2 ሜትር የሆነ ጎማ በአንድ ኪሎ ሜትር 500 ጊዜ ይዞራል፤ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ደሴ እስኪደርስ 12,500 ጊዜ ዞሯል ማለት ነው። ብረት ከተወሰነ ልክ ያላለፈውን ጫና ብዙ ዘመን ሊችል ይችላል። አሉሚኒየም ግን እንዲህ ያለ የቆረጠ ልክ የለውም፤ ትንሹም ጫና ይጠራቀምበታል። ከአንድ ጕድጓድ ጋር ተጋጭቶ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካወጣ፣ ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ ዙር ስንጥቋን በጥቂት በጥቂቱ ያረዝማታል። የሚሰበርበት ቀን ሲደርስ ግን ቀስ ብሎ አይሰበርም።

በ1990 ዓ.ም. ግንቦት 26 ቀን በጀርመን አገር ኤሼዴ በምትባል ስፍራ አንድ ፈጣን ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ 101 ሰዎች ሞቱ። የአደጋው መነሻ የአንድ መንኰራኵር የብረት ቀለበት መሰበሩ ነበር። ስንጥቁ የጀመረው ከቀለበቱ በውስጥ በኩል፣ ከውጭ የሚመለከት ዓይን በማይደርስበት ቦታ ነው። መንኰራኵሩ ጤና እንደ ጐደለው የሚያመለክቱ ነገሮች ከዚያ ቀን በፊት ታይተው ነበር፤ ባቡሩ ግን ከሥራ አልወጣም። ብዙ መሣሪያና ብዙ መሐንዲስ ያለው አገር በአንድ መንኰራኵር ይህን ያህል ሐዘን ከደረሰበት፣ እኛ በዓይናችንና በእጃችን ብቻ የምንመረምረው ምን ያህል አጥብቀን ልንመረምር ይገባናል!

ምርመራው እንዴት እንደ ሆነ ባጭሩ ልናገር። አስቀድሞ ጎማው ከቸርኬው ይውለቅ፤ ጎማ የለበሰ ቸርኬ ልብሱን ሳያወልቅ ሐኪም ፊት እንደ ቀረበ በሽተኛ ነውና። ቀጥሎ ቸርኬው በውሃና በሳሙና ይታጠብ። ከሁሉ ይልቅ የውስጥ ፊቱ ይታጠብ፤ ጭቃና የፍሬን ትቢያ ተጋግሮ ስንጥቅን የሚሸፍነው በዚያ ነው። ከዚያ በኋላ የቡሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ፣ የክንዶቹ ሥርና የውስጠኛው ከንፈር በብርሃን ይታይ፤ በጣትም ይዳሰስ። የሚያጠራጥር ቦታ ከተገኘ ላምባ ይቀባ፤ ጥቂት ቆይቶ በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ የጠመኔ ዱቄት ይነስነስበት። ስንጥቅ ካለ በውስጡ የተደበቀው ላምባ ቀስ ብሎ ይወጣና ነጩን ጠመኔ እያራሰ ቀጭን መሥመር ይሥላል። ይህን ዘዴ ጥንት የባቡር ሠራተኞች ይጠቀሙበት ነበር። እርግጥ ነው፣ ይህ ዘዴ የሚያሳየው እስከ ላይ የደረሰውን ስንጥቅ ብቻ ነው፤ ሆኖም ጨርሶ ካለመመልከት እጅግ ይሻላል።

ሁለተኛው ምርመራ የክብነቱ ነው። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ፣ ቸርኬው ታስሮ ይሽከርከር፤ አንድ እንጨት በከንፈሩ አጠገብ ሳይነቃነቅ ይያዝ። በእንጨቱና በቸርኬው መካከል ያለው ክፍተት የሚሰፋና የሚጠብብ ከሆነ ቸርኬው ጠምሟል። ሦስተኛው የልኩ ነገር ነው። የቡሎን ቀዳዳዎቹ በክብ የሚቀመጡበት ልክ ከመኪና መኪና ይለያያል። ለምሳሌ አምስት ቀዳዳ ያላቸው ሁለት ቸርኬዎች አንዱ 112 ሚሊ ሜትር፣ ሌላው 114.3 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ በዓይን አይታይም፤ በጕልበት ሲጠበቅም የሚገባ ይመስላል። ነገር ግን ዳዶው ተጣሞ ስለሚቀመጥ መንገድ ላይ እየላላ ይሄዳል፤ ቡሎኑም ይቈረጣል። የዳዶው አፍ ሾጣጣ ወይም ጠፍጣፋ መሆኑም ከቸርኬው ቀዳዳ ጋር መስማማት አለበት። ብዙ ቸርኬዎች በጀርባቸው የሚችሉትን ክብደት በኪሎ ተጽፎባቸው ይገኛሉ፤ ለትንሽ የቤት መኪና የተሠራውን ሰው ለሚጭን መኪና ማሰር በአህያ ላይ የግመል ጭነት እንደ መጫን ነው። በጃፓን ደንብ የተሠሩት «ጄ ደብሊው ኤል» የሚል ምልክት ይኖራቸዋል። ግን ምልክትም እንደ ምስክር ነው፤ የሐሰት ምስክር እንዳለ ሁሉ የሐሰት ምልክትም አለ።

አራተኛው ብየዳ ነው። የአሉሚኒየም ቸርኬ ጥንካሬውን የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ በፋብሪካ በልክ ከተሰጠው ሙቀት ነው፤ በብየዳ እሳት እንደ ገና ሲግል በዚያ አካባቢ ያለው ጥንካሬ ይጠፋል። ስለዚህ ተበይዶ ቀለም የተቀባ ቸርኬ የዳነ አይደለም፤ ቍስሉን የሸፈነ ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው ነው። ከቸርኬው ጋር አብሮ የሚሸጥ ጎማ ቢኖር ደግሞ «ዶት» ከሚለው ጽሕፈት ቀጥሎ ያሉት መጨረሻዎቹ አራት ቍጥሮች ይነበቡ። 2319 ቢል ጎማው የተሠራው በፈረንጆች 2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት ነው። ጎማ ሳይነዳበትም ያረጃልና ጥርሱ ረጅም ነው ብሎ መታለል አይገባም።

የጭነት መኪና ቸርኬ የራሱ የሆነ አደጋ አለው። አንዳንዱ ከሁለትና ከሦስት ቁራጭ የተሠራ ሲሆን ጎማውን የሚያግደው ለብቻው የሆነ የብረት ቀለበት ነው። ቀለበቱ ዝገት የበላው ወይም የሌላ ቸርኬ የሆነ እንደ ሆነ፣ ነፋስ በሚሞላበት ጊዜ እንደ ጥይት ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ጎማ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ገብቶ መነፋት አለበት። ልብ በሉ፤ በዚያች ሰዓት ከጎማው አጠገብ የሚገኘው ቸርኬውን በርካሽ የገዛው ሰው አይደለም። በቀን ሥራ የሚተዳደር አንድ ወጣት ነው።

ለጥያቄአችን ቍልፉ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሰው ለራሱ ብቻ የሚበላውን ሳይመረምር ቢበላ፣ ስሕተት ቢሆንም ስሕተቱ በራሱ ላይ ነው። በአሮጌ ቸርኬ ግን ትርፉን የሚያገኘው አንድ ሰው ነው፤ ዕዳውን የሚከፍለው ሌላ ነው። ዋጋ የቀነሰለት ባለመኪናው ነው። በመኪናው ውስጥ ደግሞ ከደሴ ሆስፒታል አባቷን አሳክማ የምትመለስ ልጅ ተቀምጣለች፤ በመንገዱ ዳር ፍየል የሚጠብቅ እረኛ ቆሟል። እነርሱ ስለ ቸርኬው አልተጠየቁም፤ ቢጠየቁም የሚያውቁት ነገር የለም። ራሳቸው ሊያዩ የማይችሉትን ነገር የሚያይላቸው ዓይን የባለመኪናው ዓይን ብቻ ነው። እርሱ ዓይኑን ቢጨፍን እነርሱ ሁሉ ታወሩ።

ምናልባት አንዱ አንባቢ «ይህ ሁሉ ለሀብታም የሚነገር ነው፤ ድኻ ሾፌር አዲስ ቸርኬ ከየት ያመጣል?» ይለኝ ይሆናል። ይህ ቀላል ተቃውሞ አይደለም፤ በንቀትም ልንመልሰው አይገባንም። ቤተሰቡን በአንዲት መኪና የሚያስተዳድር ሰው የአዲስ ዕቃ ዋጋ እንደሚከብደው ሁላችን እናውቃለን። ነገር ግን ከላይ የዘረዘርሁት ምርመራ ምን እንደሚያስወጣ እንቍጠር፤ ውሃ፣ ሳሙና፣ ጥቂት ላምባ፣ አንዲት ጠመኔ፣ ምናልባት የአንድ ሰዓት ድካም። ስለዚህ ድኽነት አሮጌ ለመግዛት ምክንያት ይሆናል፤ ሳይመረምሩ ለመግዛት ግን ምክንያት ሊሆን አይችልም። እንዲያውም አሮጌ የሚገዛ ሰው አዲስ ከሚገዛው ይልቅ የመመርመር ግዴታ አለበት፤ በገንዘብ ያልከፈለውን በትጋት ሊከፍል ይገባዋልና።

ሌላው ደግሞ «የተጻፈ አይቀርም፤ ቀኑ የደረሰበት በአዲስም ጎማ ይሞታል» ይላል። ይህን ቃል ክርስቲያኑም እስላሙም ሲናገረው እሰማለሁ። ነገር ግን ሁለቱም ሃይማኖቶች ለስንፍና መጠጊያ አይሰጡም። ግመሉን ሳያስር በአላህ ሊመካ ላሰበው ሰው የተሰጠው ምክር አስቀድሞ እንዲያስራት፣ ከዚያ በኋላ እንዲመካ እንደ ነበረ ይነገራል። ጌታም ከመቅደሱ ጫፍ ራሱን ወደ ታች እንዲጥል በተፈተነ ጊዜ እምቢ አለ። በኦሪት ደግሞ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ማንም ሰው ከላይ ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን፣ በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል። ልብ ብለን እንመልከት፤ ሕጉ «ሰው እንደሚወድቅ ካወቅህ» አላለም። ሊወድቅ እንደሚችል ማሰብ ብቻ በቂ ሆኖ ተገኘ። «አላየሁም» የሚለው ቃል የሚወድቀው በዚህ ሕግ ፊት ነው።

አለማወቅ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መንገዱ የተዘጋበት ሰው አለማወቅ ነው፤ በብረቱ ሆድ ውስጥ ያለውን፣ የራጅ መሣሪያ ብቻ የሚያሳየውን ጉድለት የገጠር ጎሚስታ ባያውቅ ማንም አይፈርድበትም። ሁለተኛው ግን በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ ያልገባ ሰው አለማወቅ ነው። ይህ ሰው ብዙ ጊዜ የማይመለከተው ስለማይገባው አይደለም፤ ቢመለከት ሊያገኘው የሚችለውን ስለሚፈራ ነው። ስንጥቁን ካገኘው ገንዘቡ ሊቀርበት ነው፤ ካላገኘው ግን ኅሊናው ያርፋል፤ ስለዚህ አለማየትን ይመርጣል። ይህን የመረጠ ሰው አንድ ነገር ቀድሞ አውቋል፤ የሚያስፈራ ነገር ሊኖር እንደሚችል አውቋል። እንግዲህ ፈጽሞ አላወቅሁም ሊል አይችልም።

ሻጩስ? ነቢዩ መሐመድ በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ አግብተው ከሥሩ እርጥብ ሆኖ እንዳገኙት፣ ነጋዴውንም እርጥቡ ሰው እንዲያየው ከላይ መሆን እንደ ነበረበት እንደ ገሠጹት በእስልምና ትምህርት ይተረካል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ ነው ይላል፤ ገዢውም እንደ ተመቸው ወዲያው ዕቃውን እንዲመረምር ያዝዛል። ያው ሕግ መኪና በሰው ላይ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ያለ ጥፋትም ቢሆን ኃላፊ ያደርገዋል። ሕጉ ሁለቱንም ወገን በአንድነት መያዙ ትክክል ነው። ሻጩ «ገዢው ዓይን አለው» ቢል፣ ገዢውም «ሻጩ ነግሮኝ ነበር» ቢል፣ በሁለቱ ምክንያት መካከል የሚወድቀው ተሳፋሪው ነውና።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ስንጥቁ ከተገኘ በኋላ ያለው ነገር ነው። መርማሪው ጠመኔው ላይ መሥመሩን አየ እንበል። ቸርኬውን ለሻጩ መልሶ ገንዘቡን ተቀበለ፤ ሻጩም ወደ ክምሩ መለሰው። ገዢው ራሱን አዳነ፤ ነገ ግን ያው ቸርኬ ለሌላው ይሸጣል። አንድ ጊዜ በኮምቦልቻ አንድ ወጣት ሾፌር የተሰነጠቀ ቸርኬ ይዞ አንድ ሽማግሌ ጎሚስታ ዘንድ ሲመጣ ተገኝቼ ነበር።

«ጋሼ፣ ብቻ ይበይዱልኝ፤ ደሴ ካደረሰኝ እዚያ እሸጠዋለሁ» አላቸው።

«ልጄ፣ አንተን ደሴ ቢያደርስህ፣ ከደሴ የሚመለሰውን ማን ያደርሰዋል?» አሉት።

ወጣቱ ለቸርኬው ገንዘብ እንደ ከፈለበት፣ ሻጩም አልመልስም እንዳለው ነገራቸው። እርሳቸውም ከንፈራቸውን መጠጡና «ገንዘቡ እውነት ነው፤ ያሳዝናል። ግን አንተ አውቀኸዋል። ካወቅኸው በኋላ ብትሸጠው፣ ለእርሱ ያልታወቀው ለአንተ ታውቋል» አሉት። መጋዝ አምጥተው ከንፈሩን ለመቍረጥ ፈቃዱን ጠየቁት። ወጣቱ ብዙ ካሰበ በኋላ «ይቍረጡት» አለ። የተቈረጠውን ቸርኬ ድስት ለሚያፈስሱ ሰዎች በኪሎ ሸጠው፤ ካወጣው ገንዘብ ያገኘው ጥቂቱን ብቻ ነው።

በእኔ አስተያየት ሽማግሌው የተናገሩት ቃል ትልቅ ደንብ ይዟል። ጉዳቱ መቆም ያለበት እውቀት የደረሰበት እጅ ላይ ነው። የሐሰት ብር የደረሰው ሰው ለሌላው ቢያሳልፈው፣ አታላዩ የመጀመሪያው ሰው ብቻ መሆኑ ቀርቶ እርሱም ሁለተኛው አታላይ ይሆናል። የተሰነጠቀ ቸርኬም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ብሩ ኪስ የሚጎዳ፣ ቸርኬው ነፍስ የሚያጠፋ መሆኑ ነው። ይህ ደንብ ለዐዋቂው ሰው ከባድ እንደ ሆነ አልክድም። ያላጠፋው ሰው ኪሳራውን ይሸከማል፤ ያላየው ሻጭ ግን በሰላም ያድራል። ብዙ ሰው ላለማወቅ የሚተጋውም ስለዚህ ነው። ስለዚህ ነጋዴዎችና ባለመኪናዎች ይህን ሸክም ቢካፈሉት፣ የተሰነጠቀ ቸርኬ የተገኘበት ሻጭ ግማሹን ገንዘብ እንኳ ቢመልስና ቸርኬው በሁለቱ ፊት ቢቈረጥ፣ ማንም ሰው እውነትን በማግኘቱ ብቻ ብቻውን ባልተቀጣ ነበር።

ወጣት አንባቢዎች ሆይ፣ ከእናንተ መካከል ሾፌር፣ ነጋዴ፣ መካኒክ የሚሆን ይኖራል፤ ብዙዎቻችሁም ተሳፋሪ ትሆናላችሁ። ሾፌር የሆነ ዳዶውን ያጥብቅ፤ አዲስ ያሰረውን ቸርኬ 50 ወይም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ቆሞ እንደ ገና ይመልከተው። ነጋዴ የሆነ ቸርኬውን አጥቦ፣ የውስጥ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ በደጃፉ ይደርድር። ተሳፋሪ የሆነም መኪናው ሲንቀጠቀጥ ወይም መሪው ሲወዛወዝ ቢሰማ ዝም አይበል፤ በትሕትና «ወንድሜ፣ ጎማውን ወርደህ እየው» ይበል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ይህን በማለቱ ሰው ቢቈጣው የሚጎዳው ነገር የለም።

እንግዲህ ለተነሣሁበት ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። «አላየሁም» የሚለው ቃል ሊያድን የሚችለው ሊያይ ያልቻለውን ሰው ብቻ ነው። ሊያይ ለሚችለው ግን መልስ አይሆንም፤ ሌላ ጥያቄ ያመጣበታል እንጂ፤ እርሱም «ስለ ምን አላየህም?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ ሐረጎ ላይ ከመጠየቅ በገበያው ደጃፍ ላይ፣ ጠመኔና ላምባ በእጅ ይዞ መመለስ ይሻላል።